ፓርቲውን ነው ሰውየውን? ለፕሬዚዳንት ስትመርጡ ምኑን ከምኑ ትመዝናላችሁ?

መነሻ ጥያቄ

ሰላም ወገኖቼ። አሜሪካ ከመጣሁ ቆየት ብያለሁ፤ ዜግነት የወሰድኩት ግን በቅርቡ ስለሆነ ፕሬዚዳንት ስመርጥ የመጀመሪያዬ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ሁለቱን ፓርቲዎች ሳያቸው አንዳቸውም ሙሉ ለሙሉ አይዋጡልኝም። በግብር ጉዳይ ሪፐብሊካኖቹ የሚሉት ይጥመኛል። በጤና ኢንሹራንስና በስደተኛ ጉዳይ ወደ ዴሞክራቶቹ አደላለሁ። ስለ ፅንስ ማቋረጥ በሃይማኖቴ የያዝኩት አቋም አለ፤ ስለ ጦር መሣሪያ ደግሞ ልጆቼ ትምህርት ቤት ስለሚውሉ የማልደራደርበት ሌላ አቋም አለ። አንዱን ስጨብጥ ሌላው ያመልጠኛል። ማንን ልምረጥ ማለቴ አይደለም፤ እሱን ለእኔ ተዉልኝ። እናንተ እንዲህ ሲደበላለቅባችሁ በምን ትለያላችሁ? አንድ ጉዳይ ይዛችሁ ሌላውን ትተዋላችሁ? ሰውየውን ነው የምታዩት ወይስ ከኋላው ያለውን ፓርቲ?

መልሶቹ በቁጥራቸው

የውይይቱ ክር ስለረዘመና መሐሉም ስለተበጠበጠ፣ ዘግይቶ የሚገባ ሰው እንዳይሰለች መልሶቹን በየቁጥራቸው እየተከተልኩ በራሴ አነጋገር አስፍሬያቸዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የዘለልኩት ቁጥር ካለ ወይ የእንኳን ደስ ያለህ መልእክት ነው፣ ወይ ስድብ ነው።

መልስ 1 በጨዋ ደንብ ነው የከፈተው። ፓርቲዎቹ በየአራት ዓመቱ ጉባኤያቸው ላይ የሚያጸድቁት የአቋም ሰነድ ስላለ፣ የተወዳዳሪዎቹን ንግግር ትቼ ሁለቱን ሰነዶች ጎን ለጎን እንዳነብ መከረኝ። መልስ 2 ወዲያው አረመው። ሰነዱ ፕሬዚዳንቱን አያስርም፤ ይባስ ብሎ ሪፐብሊካኖቹ በ2020 አዲስ ሳይጽፉ የ2016ቱን እንዳለ አሻግረውታል። ፓርቲው የትኛውን ደጋፊውን ማስደሰት እንደፈለገ ለማወቅ ይጠቅም ይሆናል እንጂ ነገ የሚሠራውን አይነግርህም አለ። አነጋገሩ ትንሽ ቁጡ ነበር፤ ነገሩ ግን ልክ ነው።

መልስ 3 የጋሼ ነው። እዚህ መድረክ ላይ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ በሱዳን በኩል ተሰደው የመጡ አዛውንት ናቸው። ልጄ ብለው ጀምረው ረጅም ታሪክ አወጉን። እሳቸውን ያስገባቸው የ1980ው የስደተኞች ሕግ ነው፤ የፈረመው ካርተር፣ ዴሞክራት። ወረቀት ያልነበራቸውን ወደ 2.7 ሚሊዮን ሰዎች ሕጋዊ ያደረገው የ1986ቱ ሕግ ነው፤ የፈረመው ሬገን፣ ሪፐብሊካን። የእህታቸውን ልጆች ያመጣቸው ዲቪ ደግሞ ከ1990ው የኢሚግሬሽን ሕግ የወጣ ነው፤ ያጸደቀው ዴሞክራቶች የሚበዙበት ኮንግረስ፣ የፈረመው ሪፐብሊካኑ ትልቁ ቡሽ። እንግዲህ የስደተኛ ወዳጅ ይሄኛው ነው፣ ጠላት ያኛው ነው የሚለኝ ሰው ካለ ይምጣ ብለው ዘጉት። ሰውየውንና ጊዜውን እንጂ የፓርቲ ስም አይተው መርጠው እንደማያውቁም ጨመሩ።

መልስ 4 ጋሼን እርስዎ እያለ ነው የተከራከራቸው፤ እርስዎታው ግን ንግግሩን አላለሰለሰውም። የዛሬዎቹ ሪፐብሊካኖች የሬገን አይደሉም፤ ሙት አይመረጥም። ፕሬዚዳንቱ በየዓመቱ የሚወስነው የስደተኞች ጣሪያ፣ ማለትም ቢበዛ ስንት ስደተኛ እንደሚገባ የሚለው ቁጥር፣ ለ2017 የበጀት ዓመት 110 ሺህ ነበር፤ ለ2021 ወደ 15 ሺህ ወረደ፤ ፓርቲው ሲቀየር ለ2022 ወደ 125 ሺህ ወጣ። ታሪክ ማውራት ጥሩ ነው፣ ካምፕ ውስጥ ተራውን ለሚጠብቅ ሰው ግን ልዩነቱ ይህ ነው አለ። ጋሼ አልመለሱለትም። በኋላ ተመልሰው ይመጣሉ።

መልስ 5 ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉ የጠቀመኝ እሱ ነው። የጻፈችው ነርስ ናት። ጥያቄዬን እንዳለ አልተቀበለችውም። ማን ይሻላል ከማለትህ በፊት፣ የምትጨነቅባቸው ነገሮች በማን እጅ እንዳሉ ለይ አለችኝ። እሷ ራሷ ባለፈው ምርጫ ያደረገችውን ፎቶ አንስታ ለጥፋለች፦ የመብራት ክፍያ የመጣበት ፖስታ፣ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ሁለት መስመር ተሰምሮ ሦስት ቦታ ተከፍሏል። በመጀመሪያው ፕሬዚዳንቱ በፊርማው ብቻ የሚያደርገውን፣ በሁለተኛው ኮንግረስ ካልተባበረው የማይሆንለትን፣ በሦስተኛው ጭራሹኑ የእሱ ያልሆነውን ጻፈችበት። ሦስተኛው ሞልቶ ወደ ዳር ተርፏል፦ የልጆቿ ትምህርት ቤት፣ የቤት ኪራይ፣ ሰፈሯ ውስጥ የሚዞረው ፖሊስ፣ የቤት ግብር። ይህ ሁሉ የስቴትና የካውንቲ ነው። እነዚህን ይዘው ፕሬዚዳንት የሚሆኑትን ሰዎች ሲያማርሩ የሚውሉ ዘመዶች እንዳሏት ጽፋ ስቃለች።

ማስረጃዋ ደግሞ የጤና ኢንሹራንሱ ነው። የኦባማኬር ሕግ በማርች 2010 ሲያልፍ አንድም ሪፐብሊካን አልደገፈውም፤ ያለፈው ሁለቱም ምክር ቤቶች በዴሞክራቶች እጅ ስለነበሩ ነው። በ2017 ደግሞ ዋይት ሐውስም፣ ሴኔቱም፣ የተወካዮች ምክር ቤቱም በሪፐብሊካኖች እጅ ሆኖ ሕጉን ለማፍረስ የቀረበው ረቂቅ ሴኔት ውስጥ 49 ለ51 ወደቀ። ከፓርቲያቸው አፈንግጠው የጣሉት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሪፐብሊካኑ ሴናተር ማኬይን አውራ ጣቱን ወደ ታች ያደረገባት ሌሊት ናት። ስለዚህ ስለ ኢንሹራንስ ቃል የሚገባልህን ሰው ስትሰማ ሴኔት ውስጥ ስንት ሰው አለው ብለህ ጠይቅ፤ ስለ ስደተኞች ጣሪያ ቃል ሲገባ ግን እመነው፣ ወይም ፍራው፣ ብዕሩ በእጁ ነውና። መልስ 4ንና ጋሼን ሳትነካካ ሁለቱንም የመለሰችላቸው ይመስለኛል።

መልስ 6 ፖስታዋ ላይ ዲቪን ሁለተኛው ቦታ ማስፈሯን አይቶ ያዛት። እውነት ነው፣ ዲቪን ከነጭራሹ የሚሰርዘው ኮንግረስ ነው። ነገር ግን በአፕሪል 2020 በወጣ አንድ አዋጅ ብቻ ውጭ አገር ያሉ የዲቪ ባለዕድሎች እንዳይገቡ ታገዱ፤ እገዳው የተነሳው በፌብሩዋሪ 2021 ሌላ ፕሬዚዳንት ሲመጣ ነው። የዲቪ ቪዛ ደግሞ የበጀት ዓመቱ ሴፕቴምበር 30 ላይ ሲዘጋ አብሮ ይሞታል። የአክስቱ ልጅ የደረሰው በዚያ ዓመት ነበር፤ የሕክምና ምርመራውን ጨርሶ፣ ሥራውን ለቆ፣ ዕቃውን ሸጦ ቀረ። ነርሷ አላንገራገረችም። ፖስታውን እንደገና ፎቶ አንስታ መጣች፤ ከዲቪ ወደ መጀመሪያው ቦታ የሚሄድ ቀስት በቀይ ተስቦበታል።

መልስ 7 ሁላችሁም የረሳችሁት ዳኞቹን ነው አለ። ፕሬዚዳንት አራት ዓመት፣ ቢበዛ ስምንት ነው፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ዕድሜ ልኩን ነው። በ2016 ፌብሩዋሪ ላይ አንድ ወንበር ሲጓደል በሪፐብሊካኖች የተያዘው ሴኔት የኦባማን ዕጩ ሳይሰማ ዓመቱን ፈጀውና ወንበሩን በአፕሪል 2017 የትራምፕ ዕጩ ተቀመጠበት። በ2020 ሌላ ወንበር ሲጓደል ግን አዲሷ ዳኛ የጸደቁት ምርጫው ስምንት ቀን ሲቀረው ነው። ከዚያ ሰኔ 2022 ላይ የ1973ቱ የፅንስ ማቋረጥ ውሳኔ ተሻረ። ስለዚህ አንድ ጉዳይ ብቻ ይዘው የመረጡ ሰዎች ሞኞች አልነበሩም፤ ወደ ሃምሳ ዓመት ጠብቀው አገኙት አለ።

መልስ 8 እና መልስ 9 እዚህ ላይ ተነካከሱ። አንዱ ጉዳዩ አሁን ለስቴቶች ስለተተወ ከፕሬዚዳንቱ ሚዛን ላይ ማውረድ ይቻላል ይላል። ሌላዋ የፌዴራል ሕግ ሊወጣ ስለሚችልና የመድኃኒቶቹን ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ኃላፊ የሚሾመው በፕሬዚዳንቱ ስለሆነ አይወርድም ትላለች። እኔ የእሷ ይበልጥ አሳመነኝ፤ አነጋገሯ ግን ለወንድሟ የማይሆን ነበር።

መልስ 11 የሰለቸው ሰው ነው። ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል ብሎ፣ እሱ ሁሌም ለሦስተኛ ፓርቲ እንደሚሰጥና ሌሊት ተኝቶ እንደሚያድር ነገረን። መልስ 12 ለቀቅ አላደረገውም። በ2000 ፍሎሪዳ ላይ ቡሽ ያሸነፈው በ537 ድምፅ ነው፤ የግሪን ፓርቲው ኔደር እዚያው ስቴት ውስጥ ከ97 ሺህ በላይ ወስዷል። በመላ አገሪቱ ዴሞክራቱ ጎር ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ድምፅ በልጦ፣ አሸናፊውን የሚወስነው የየስቴቱ የኤሌክቶር ድምፅ ስለሆነ ተሸነፈ። የአንተ ሰላማዊ እንቅልፍ ለሌላው የቡሽ ስምንት ዓመት ሆነ አለው።

መልስ 13 ደግሞ የኔደር ድምፅ የጎር ንብረት አልነበረም፣ ተሰረቀ አይባልም አለ። በግሉ የተወዳደረው ፔሮ በ1992 ወደ 19 በመቶ የሕዝብ ድምፅ አግኝቶ ከ538ቱ የኤሌክቶር ድምፅ አንድም እንዳልደረሰው አነሳና፣ ቢሆንም ሁለቱ ፓርቲዎች ስለ በጀት ጉድለት እንዲያወሩ ያስገደዳቸው እሱ ነው አለ። ሌላም አንድ ብዙዎቻችን የማናውቀውን ነገር ነገረን፦ 5 በመቶ የሞላ ፓርቲ ለቀጣዩ ምርጫ የመንግሥት ገንዘብ ይሰጠዋል፤ ፔሮ በኋላ ያቋቋመው ፓርቲ በዚሁ ሕግ ለ2000 ምርጫ 12.6 ሚሊዮን ዶላር አግኝቷል። ለሦስተኛ ፓርቲ የሚሰጥ ሰው ለማሸነፍ ሳይሆን ለዚህች 5 በመቶ ሊሰጥ ይችላል ማለት ነው።

ክርክሩን ያበረደው መልስ 14 ነው። የት ነው የምትኖሩት ብሎ ጠየቀ። ሜሪላንድ ከ1988 ወዲህ ለሪፐብሊካን ፕሬዚዳንት ሰጥታ አታውቅም። ሚኔሶታ ከ1972 ወዲህ አልሰጠችም። ቴክሳስ ከ1980 ጀምሮ ከሪፐብሊካን ንቅንቅ አላለችም። በነዚህ ስቴቶች ለሦስተኛ ፓርቲ የሚሰጥ ሰው መልእክት አስተላለፈ እንጂ ውጤት አልቀየረም። አትላንታ ላለ ሰው ግን ሌላ ነው፤ በ2020 ጆርጂያ የተወሰነችው በ11,779 ድምፅ ሲሆን የሊበርታሪያኗ ዕጩ እዚያው ከ62 ሺህ በላይ አግኝታለች። ላስ ቬጋስ ያላችሁም እንዲሁ ብሎ፣ አንድ ዓይነት ድምፅ በአንዱ ስቴት በነፃ በሌላው በውድ እንደሚሸጥ ጻፈ። እኔ የሜሪላንድ ሰው ነኝና ይህን ሳነብ ትንሽ ቅር አለኝ። ነፃነቱም ታየኝ፤ ሁለቱም።

መልስ 15 እንዲህ ካሰብን ማንም አይወጣም ብሎ ተቆጣ። በ2016 ሚሺጋን በ10,704 ድምፅ ስትወሰን፣ ከዚያ በፊት እርግጠኛ የዴሞክራት ስቴት ነች ይሏት ከነበሩት አንዷ ነበረች። መልስ 16 በአጭሩ፣ ሜይንና ነብራስካ የኤሌክቶር ድምፃቸውን በምርጫ ወረዳ እንደሚከፋፍሉ፣ ሜይንና አላስካ ደግሞ ዕጩዎችን በደረጃ አስቀምጦ መምረጥ እንደሚፈቅዱ አስታወሰ። እዚያ አንደኛ ምርጫህ ከተሸነፈ ድምፅህ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። ጥሩ ነው፤ ማናችንም ግን እዚያ አንኖርም።

ከመልስ 17 እስከ 22 አገር ቤት ገባን። ይመጣል ብዬ ስጠብቀው ነበር። አንዱ ትራምፕ በኦክቶበር 2020 ግብፅ ግድቡን ታፈነዳዋለች ያለውን አንስቶ ለዚህ ፓርቲ ድምፅ የሚሰጥ ኢትዮጵያዊ ምን ነክቶት ነው አለ። ሌላው ኢትዮጵያን የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ከአጎዋ ገበያ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ያስወጣት ባይደን መሆኑን ጠቅሶ፣ እሱ ምኑ ይሻላል አለ። ሁለቱም ያሉት ነገር ተደርጓል፤ ሁለቱም አንዱን ብቻ ነው የሚያስታውሱት። 19 እና 21 አሁን ክሩ ላይ የሉም፤ አወያዩ አጥፍቷቸዋል፤ ከመጥፋታቸው በፊት ያነበብን እናውቃለን። አወያዩ 22 ላይ መጥቶ፣ ርዕሱ የአሜሪካ ምርጫ መሆኑን አስታውሶ፣ ብሔር የጠራ ሰው እንደሚታገድ አስጠነቀቀ። ከዚህ ውስጥ ያተረፍኩት አንድ ነገር፦ የውጭ ጉዳይ ፖሊሲ በነርሷ ፖስታ ላይ ከመጀመሪያው ቦታ የሚገባ ነው፤ አጎዋ ውስጥ ማን ይቆያል፣ ማን ይወጣል የሚለው የፕሬዚዳንቱ ፊርማ ነው። ስለዚህ ሰዎቹ መቆጣታቸው ያለ ቦታው አልነበረም።

መልስ 23 አየሩን ቀየረው። የኡበር ሾፌር ነው፤ ፖለቲካ አልወድም ብሎ ጀምሮ ከሁላችን የበለጠ ፖለቲካ ጻፈ። እንደ ግል ሥራ ባለቤት ግብሩን የሚሠራው የግል ሥራ ገቢ በሚሞላበት ቅጽ፣ በስኬጁል ሲ ነው። በ2017ቱ የሪፐብሊካኖች የግብር ሕግ ከተጣራ ገቢው እስከ 20 በመቶ የሚደርስ ቅናሽ መጣለት። በ2021 ደግሞ ዴሞክራቶቹ ያወጡት ሕግ ከገበያው የሚገዛውን የጤና ኢንሹራንስ ድጎማ ከፍ አደረገለት፤ ያ በ2022 የተራዘመው እስከ 2025 መጨረሻ ነበር። ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ የኢንሹራንስ ድጎማውን የምታሳየው 1095 ኤ የምትባለው ቅጽ በፖስታ ስትመጣ፣ ጠረጴዛ ላይ ካለፈው ዓመት የግብር ወረቀቱ አጠገብ አስቀምጧት ከሚስቱ ጋር ሁለቱን አስተያዩ። አንዱ ኪሱ በሪፐብሊካን፣ ሌላው ኪሱ በዴሞክራት ነበር የሚሞላው። የቤተሰቡ ቁጥር አራት ስለሆነ ኢንሹራንሱ በለጠበት፤ ብቻውን የሚኖረው ጓደኛው ግን ሲያሰላው ግብሩ በለጠበት። ተመሳሳይ መኪና ነድተው፣ አንድ ኤርፖርት ቆመው፣ ለየቅል ፓርቲ ይመርጣሉ፤ አይጣሉም።

የዚህ ሰው መልስ ከነርሷ ጋር የሚገጣጠምበት ነገር አለ፤ መልስ 24 ነው ያየው። ሴኔት ውስጥ አብዛኛው ሕግ ክርክሩ እንዲዘጋ 60 ድምፅ ይፈልጋል፤ በጀት ነክ የሆነ ነገር ግን በልዩ መንገድ በተራ ብልጫ ያልፋል። ግብርና ድጎማ በዚያ መንገድ ያልፋሉ። የጦር መሣሪያ ሕግና የኢሚግሬሽን ማሻሻያ አያልፉም። ስለዚህ ፕሬዚዳንቱና ጠባብ ብልጫ ያለው ፓርቲው በእርግጥ የሚቀይሩልህ ከፈለግክ ኪስህን ነው፤ ልጆችህ ትምህርት ቤት ስለሚውሉ ያነሳኸው ጉዳይ ግን ከሁለቱም ወገን ሰው ሳይገኝ አይነቃነቅም አለኝ። ይህ መራር ነው። ለእኔ ግን ከአንዱ ፓርቲ ጋር ያጣበቀኝን ክር ላላ አደረገው።

መልስ 25 ፕሬዚዳንቱን ከአንዱ፣ ኮንግረሱን ከሌላው መርጦ እርስ በርስ እንዲጠባበቁ ማድረግ ይሻላል ባይ ነው። መልስ 26 ባሏ ኤርፖርት ፍተሻ ላይ የሚሠራ ሴት ናት፤ እየተጠባበቁ መንግሥት ሲዘጉ ደመወዝ የሚቀረው የእኛ ቤት ነው አለች። በ2018 ዲሴምበር የተጀመረው መዘጋት 35 ቀን ሲቆይ ባሏ ያለ ደመወዝ ሥራ ይገባ ነበር። መልስ 27 አዘንኩልሽ ካለ በኋላ፣ ያ መዘጋት ሲጀመር ሁለቱም ምክር ቤቶችና ዋይት ሐውሱ በአንድ ፓርቲ እጅ እንደነበሩ አረማት። እሷም በቁጣ፣ ታዲያ በየትኛውም መንገድ እኛው ነን የምንከፍለው ብላ ወጣች። ተመልሳ አልመጣችም።

መልስ 28 ጋሼ ናቸው። መልስ 4ን አንተ ልጅ ብለው ጠርተው፣ ስለ ስደተኞች ጣሪያ ያለው ትክክል መሆኑን፣ እሳቸውም ለዚያ ሲሉ ሁለት ጊዜ ፓርቲ መቀየራቸውን ጻፉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ሜሪላንድ ከሆንክ ኖቬምበርን አትጠብቅ፤ አንተ ዘንድ የሚወሰነው ፓርቲዎቹ ዕጩዎቻቸውን በሚያስመርጡበት ፕራይመሪ ላይ ነው አሉ። ሜሪላንድ ፕራይመሪዋ ዝግ ነው፤ በፓርቲ አባልነት ያልተመዘገበ ሰው በዴሞክራቱም በሪፐብሊካኑም የፕሬዚዳንት ዕጩ ላይ አይመርጥም። ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ያለው ወንድምህ ግን መራጭ በፓርቲ ስለማይመዘገብ በፈለገው መግባት ይችላል። ስትመዘገብ የፓርቲውን ሳጥን ባዶ ትተህ እንደሆነ አሁኑኑ እይ አሉኝ። አየሁ፤ ባዶ ነው።

መልስ 29 በእናቱ ጉዳይ መጣ፤ ርዕሱን ቢለቅም ማንም አልከፋውም። እናቱ ዜጋ ናቸው፤ እንግሊዝኛ አያነቡም፤ አብሯቸው ገብቶ ማገዝ ይችል እንደሆነ ጠየቀ። ነርሷ በመልስ 30 መለሰችለት። የፌዴራሉ የምርጫ ቋንቋ ሕግ አማርኛን አይሸፍንም፤ ዲሲ ግን በራሷ ሕግ አማርኛን አካታለች። የትም ቢሆን ማንበብ የማይችል መራጭ የሚፈልገውን ሰው ይዞ መግባት በፌዴራል ሕግ መብቱ ነው፤ አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ግን መሆን የለበትም።

መልስ 31 ያው ልጅ ነው። ችግሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ፦ እናቱ የሚፈልጉት እሱ የማይወደውን ዕጩ ነው፤ እሱ ደግሞ ጆርጂያ ነው የሚኖረው። ከ32 እስከ 37 ያሉት ሁሉ፣ መልስ 4ና ጋሼ፣ መልስ 11ና 12 ሳይቀሩ፣ እሳቸው ያሉትን ይምረጥላቸው ብለው በአንድ ድምፅ ጮኹበት። መልስ 38 ላይ ልጁ እሺ አለ፤ ከሥር ግን የራሱ ድምፅና የእናቱ ድምፅ ሲጣፋ ለምን ሁለቱም ቤት እንደማይቀሩ ጠየቀ። ነርሷ ባሎቱ ከፕሬዚዳንቱ በታች ሴኔት፣ ሸሪፍና የትምህርት ቦርድ እንዳለው፣ እዚያ ላይ ከእናቱ ጋር ሊስማሙ እንደሚችሉ ጻፈችለት። ልጁ የትምህርት ቦርድ ዕጩዎቹን ስም ጠይቆ ካውንቲውን ነገራት፤ አሁን ዝርዝሩን እየፈለጉ ናቸው።